ሠላሳ ስምንተኛው ደቂቃ

ቂርያት ማላኪ፣ ኅዳር 6 ቀን 2010 ዓ.ም.

ጎንደር ላለኸው ለእኅቴ ልጅ ለሐብቴ፣ ከእጄ ወደ እጅህ ይግባ።

እንደምን ከርማችኋል? የእናትህ የአመለወርቅ ጉልበት እንዴት ሆነ? እኔ ደህና ነኝ፤ ከደህናም አልፌ ባለ ሰርተፊኬት ሆኛለሁ። ዓመቱን በእናንተ አቆጣጠር የጻፍሁት ላከብራችሁ ብዬ ነው። እዚህ በመሥሪያ ቤቱ 2017 ነው፣ በምኩራቡ 5778 ነው፣ በእናንተ 2010። ሰው ሁሉ የሚኖረው በአንድ ዓመት ውስጥ ነው፤ አጎትህ በሦስት።

የማታ ትምህርቱን የጨረስሁት የዛሬ ሁለት ሳምንት ነው። መምህርት ታፈሰች ሰርተፊኬቱን ስትሰጠኝ፣ «ጓዴ ሰጠኝ፣ ከክፍሉ በአፍ አንደኛ!» አለች። «በጽሕፈትስ?» ብላት፣ «እሱን ራስህ ጻፈውና ይታያል» አለችኝና ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ይኸው እየጻፍሁት ነው፤ ይታይ!

«እናቴ፣ ወንድሜ ድሮም ማንበብ ያውቅ አልነበረም ወይ፣ በሃምሳ ስምንት ዓመቱ ምን ሊማር ገባ ትላለች» ብለህ ጠይቀኸኛል። በላት፣ ስለት ያለው ቢላዋም ይሳላል። ነገሩ ይኸው ነው።

ወደ ማሽኑ ልምጣ። ትእዛዙን በስልክ ብነግርዎ ነጥቧና ሰረዟ አየር ላይ ትቀራለች ያልኸኝ እውነት ነው። በደብዳቤ ልከህልኝ እንኳ፣ ከአንዷ ሰረዝ በኋላ ትንሽ ክፍት ቦታ ብተው ማሽኑ ግማሽ ቀን አኮረፈኝ። ኮምፒዩተሩን ያገኘሁት ቤኤር ቱቪያ ከምሠራበት መጋዘን ነው፤ ሊጣል ሲል አለቃዬን ለምኜ ወሰድሁት። ልጄ ማኦር ወደ ጦሩ ሲመለስ ሊኑክስ ጫነበትና፣ «አባ፣ ለዚህ ሽማግሌ ከዚህ ሌላ የሚሆነው የለም» አለ። የትኛውን ሽማግሌ ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

የአያትህን የአባባን ድምፅ የያዘውን ካሴት ጌዴራ ያለው ሬዲዮ ጠጋኙ ካሣዬ ወደ ኮምፒዩተር ፋይል ገልብጦልኛል። አላዳመጠውም፤ ማሽኑን ከፍቶ ሌላ ሥራውን ይሠራ ነበር። ግን በአሮጌ ፕሮግራም ስለገለበጠው፣ እኔ ጋ የነበረው ማጫወቻ «ይህን ዓይነት ፋይል አላውቅም» አለኝ። ስለዚህ አንተ በመንገደኛዋ በጠጅቱ እጅ በላክህልኝ ፍላሽ፣ ማጫወቻውን ከምንጭ ኮዱ ጀምሬ ራሴ ልገነባው ተቀመጥሁ። መጀመሪያ ኮንፊገር፣ ተሰናዳ አልሁት፤ ቤሰደር፣ እሺ አለኝ። ቀጥሎ ሜክ፣ ተገንባ አልሁት። ሲያጉረመርም ቆየና ቀጥ አለ። የእንግሊዙን ፊደል እንደ ጥልፍ እያየሁ ስሕተቱን በሌላ ወረቀት ገልብጬልሃለሁ። ማኦር እንደነገረኝ፣ መስመር 214 ላይ የሚፈልገውን ፋይል አጥቶ ነው የቆመው።

አደራ ቶሎ መልስልኝ። የያቭኔዋ ጠበቃችን ሪናት የእናትህ ወደ እስራኤል የመግቢያ ማመልከቻ ግንቦት 14 ይታያል ብላለች። አባባ በካሴቱ ላይ ሰባት ቤት እየቆጠረ «አመለወርቅ ልጄ» ማለቱን ሰሚዎቹ ፊት ካቀረብን፣ እኅቴ መሆኗን የሚያሳይ ከዚህ የጠነከረ ማስረጃ የለንም። እኔና አባባ በ1992 ስንመጣ፣ በዓመቱ ትከተላለች ያልናት ሴት ይኸው አሥራ ስምንት ዓመት ጎንደር ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ታዲያ ይህን ካሴት እስከ ዛሬ ያቆየው ማን ነው? ጓዴ! ይህን ለእናትህ ጮክ ብለህ አንብብላት።

አጎትህ ጓዴ


ጎንደር፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለጋሼ ጓዴ፣ ከአክብሮት ጋር።

ደብዳቤዎን ለእናቴ ሁለት ጊዜ አንብቤላታለሁ። የመጨረሻውን እንዳዘዙኝ ጮክ ብዬ።

ስሕተቱን ያለ አንዳች ግድፈት ነው የገለበጡት፤ የምሠራበት ኮምፒዩተር ማዕከል የሚመጡት ተማሪዎች እንዲህ አይገለብጡም። በሽታው ሁለት ነው። ማጫወቻው ያንን ፋይል ለመፍታት ላይብረሪ የሚባል አንድ አጋዥ ኮድ ይፈልጋል። ላይብረሪው እርስዎ ጋ አለ፤ ለግንባታ የሚያስፈልጉት ፋይሎቹ ግን በሌላ ፓኬጅ ነው የሚመጡት፤ እሱን ልኬያለሁ። ሁለተኛው ጥፋት የኔ ነው፤ የላክሁልዎ ቅጂ አሮጌ ነበር። አዲሱን እንደ ጠጅቱ ወደዚያ የምትመላለሰው ካሰች ይዛልዎ ትመጣለች። የድሮውን ሙሉ በሙሉ ያጥፉት። ያ ያስቸገረዎት መስመር 214 ያለበት ፋይል በአዲሱ ውስጥ ጭራሽ የለም፤ ሠሪዎቹ አውጥተው ጥለውታል።

ገንብተው ሲጨርሱ እንዲሁ አይጫኑት። በወረቀቱ ላይ እንደጻፍሁት ፓኬጅ ያድርጉት። ያኔ ሁሉም በአንድ ፋይል ይታሰራል፤ ሲፈልጉ ይነቅሉታል፣ ሲፈልጉ ለሌላ ማሽን ያወርሱታል።

ወይዘሪት ሪናት የላከችልንን ዝርዝር አይቻለሁ። ቅጂው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይቆረጥ መቅረብ አለበት፤ ቃሉም በጽሑፍ ተገልብጦ ድምፆቹን የሚያውቅ የቤተሰብ ሰው ሊፈርምበት ይገባል። ይህ ሰው እርስዎ ነዎት።

እናቴ አጠገቤ ናት። «አባቴን ከተለየሁት ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም» ትላለች። ቀጥላም፣ «ካሴቱ የተቀዳው ለማን ነበር? ብለህ ጠይቅልኝ» አለች። ጠይቄያለሁ። ለእኛም አንድ ቅጂ በፍላሽ ይላኩልን።

ሐብቴ


ቂርያት ማላኪ፣ ጥር 9 ቀን 2010 ዓ.ም.

ሐብቴ የኔ መሐንዲስ፣ ያላ፣ ቆመህ አጨብጭብልኝ!

ተገነባ። የድሮውን እንዳልኸኝ አጥፍቼ አዲሱን ሜክ አልሁትና እኔ ወንበሬ ላይ እግሬን አጣምሬ፣ እሱ ጽሑፉን እንደ በልግ ዝናብ ሲያወርደው፣ አንድም ቦታ ሳይቆም አለቀ። ጎረቤቴን ውብዳርን ጠርቼ አሳየኋት። «ምንድን ነው የምታየው?» ብትለኝ፣ «ማጫወቻ ሲወለድ» አልኋት። «እና ምጡ ያንተ ነው የሱ?» አለች። ይህቺ ሴት እኔን ለማዋረድ ነው የተፈጠረችው።

ፓኬጅ ሳደርገው ጥያቄ አበዛብኝ። ስሙ ማን ይሁን አለ፣ ጻፍሁ። ቅጂው ስንተኛ ነው አለ፣ ጻፍሁ። የሠሪው ስም አለ። እኔ እንኳ ባዶ ቦታ ሳይ እጄ ሰረዝ ማድረግ ይቀናዋል፤ ሰረዝ አድርጌ አለፍሁ። ማሽኑም አልተቆጣ። ሁሉም መሥሪያ ቤት እንዲህ ቢሆን!

ጫንሁት፣ የአባባን ፋይል ከፈትሁለት፣ አወቀው። አርባ አራት ደቂቃ ይላል። ሰኮንዱ ይቆጥራል፣ መስመሩ ይሄዳል፤ ድምፅ ግን የለም። አባባ በሕይወቱ አርባ አራት ደቂቃ ዝም ብሎ አያውቅም፤ ስለዚህ ጥፋቱ የማሽኑ ነው። ምን ላድርግ?

እናትህ ስለ ካሴቱ የጠየቀችውን አይቻለሁ። ወረቀቱ አለቀብኝ፣ ሌላ ጊዜ።

ጓዴ


ቂርያት ማላኪ፣ የካቲት 20 ቀን 2010 ዓ.ም.

ውድ ሐብቴ፣

እንደምን አለህ? እናትህስ እንዴት ናት? ጉልበቷን ሐኪም አየው ወይ? ብርድ ላይ እንዳትቀመጥ። በጸሎት ሰዓት ስሟን እያነሳሁ ነው። ደህና ናት ወይ?

ስለ ድምፁ የላክኸው ምክር ደርሶኛል። ድምፁ በስክሪኑ ገመድ እየወጣ ይሆናል፣ ወደ ማጉያው ይመልሱት ያልኸኝን አደረግሁ። ከዚያ በኋላ ምን እንደነካው እንጃ፣ ማጫወቻው ተበላሸ። እንደገና ልገንባው ብል ያ የድሮው ስሕተት፣ መስመር 214፣ ተመልሶ መጣብኝ። ገልብጬ አያይዣለሁ። ይህ ኮምፒዩተር እኮ ሊጣል የነበረ ነው፤ ሊጣል የነበረ ዕቃ መጨረሻው ያው ነው።

ፍላሹን በካሰች እጅ ያልላክሁት ሻንጣዋ ሞልቶ ስለነበር ነው። ፍላሽ ከጥፍር እንደማይበልጥ አውቃለሁ፤ ግን ሞልቶ ነበር።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። የአንድን ፋይል ጭራ፣ ለምሳሌ የመጨረሻውን ስድስት ደቂቃ፣ መቁረጥ ይቻላል ወይ? የምጠይቅህ ለሰው ነው፤ መጋዘን አብሮኝ የሚሠራ አንድ ሰው የሠርግ ቅጂ አለው። ሪናት ብታምንበት ደግሞ የአባባ ቆጠራ ብቻውን ይበቃል፤ ሌላው ሳልና የበር ድምፅ ነው።

ካልሆነም ሌላ ማስረጃ እንፈልጋለን። አትጨነቁ።

ጓዴ


ጎንደር፣ መጋቢት 17 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለጋሼ ጓዴ፣

ይህን ደብዳቤ ለእናቴ አላነበብሁላትም። የርስዎንም የመጨረሻውን እንዲሁ። «ምን አለ?» ስትለኝ፣ «ማሽኑ አስቸግሮታል» አልኋት።

ጋሼ፣ ሥራዬ ይህ ስለሆነ ነው እንጂ ትልቅ ሰው ልመረምር አይደለም። መስመር 214 ያለበት ፋይል በአዲሱ ቅጂ ውስጥ የለም። የድሮውን ደግሞ እንዳጠፉት ጽፈውልኛል። በሌለ ፋይል ውስጥ ያለ መስመር ሊሳሳት አይችልም። ያያያዙትን ወረቀት ከኅዳሩ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጬ አየሁት፤ ነጥብ በነጥብ አንድ ነው፣ ኅዳር ላይ ቀለም ፈስሶባት የተንጋደደችው ፊደል ሳትቀር በዚያው ቦታ ተንጋዳ ተጽፋለች። ከማሽኑ ሳይሆን ከራስዎ ወረቀት ነው የገለበጡት።

ደግሞም ፓኬጁ ተሠርቶ ተጭኗል። ቤት ተሠርቶ ካለቀ በኋላ መሠረቱ አልቆፈር አለኝ አይባልም።

ጥር ላይ ወረቀቱ አለቀብኝ ብለው ነበር። ከወረቀቱ ግማሹ ባዶ ነበር።

ማጫወቻው ይሠራል፣ አይደለም? አባባን ሰምተውታል። የሚቆረጠው የሠርግ ቅጂም የለም። በመጨረሻው ስድስት ደቂቃ ውስጥ ያለው ምንም ይሁን ምን፣ እናቴ ግንቦት 14ን እየጠበቀች ነው። ጎረቤቶቿ ሲሄዱ ሸኝታ ስትመለስ አሥራ ስምንት ዓመት ሆናት። አንዴም «እኔስ?» ብላ ሰው ፊት አልቅሳ አታውቅም።

ፋይል መቁረጥ ይቻላል። አንድ መስመር ትእዛዝ ነው። እኔ ግን አልጽፍልዎትም።

ሐብቴ


ቂርያት ማላኪ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2010 ዓ.ም.

ሐብቴ፣

ይሠራል። ከየካቲት ጀምሮ ይሠራል።

ድምፁን ወደ ማጉያው የመለስሁት ዓርብ ከሰዓት ነው። ሻባት ሊገባ ሲል። አባባ ሳለ። ያ የመጠለያው ካራቫን በር ሲንቋቋ ሰማሁ። ከዚያ ሰባት ቤቱን ጀመረ፤ እያንዳንዱ ስም ላይ ጣቱን ጠረጴዛው ላይ ያሳርፋል፣ እሱም ይሰማል። «ከጌጤ የወለድኋት አመለወርቅ ልጄ» አለ፤ እናትህን ከነእናቷ ስም። ተነሥቼ ጨፈርሁ፣ አልዋሽህም። ወይ ጓዴ፣ ምን የመሰለ ማስረጃ ያዝህ አልሁ።

ሠላሳ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ አባባ፣ «አንተ ልጅ፣ አመሌን በቅጹ ላይ ጻፍሃት ወይ?» ይላል። አንድ የጎልማሳ ድምፅ፣ «ጽፌያታለሁ እንጂ አባባ! በገዛ እጄ፣ የመጀመሪያው መስመር ላይ!» ይለዋል። አባባም ይስቃል። «አየሽ አመሌ፣ ወንድምሽ ፊደል ያውቃል። ጽፎሻል። እስከ ፋሲካ አብረን ነን» ይላል። ከዚያ ለናትህ ብቻ፣ ስድስት ደቂቃ።

ያ ጎልማሳ እኔ ነኝ።

ጠይቃኝ ነበር፣ ካሴቱ ለማን ተቀዳ ብላ። ለሷ ነው። አባባ ላከው ብሎ ሰጠኝ፣ «ልኬዋለሁ» አልሁት። አልላክሁትም። ከሰማችው «ጽፈኸኝ ከሆነ ወረቀቱን አሳየኝ» ትላለች ብዬ ፈራሁ። የስኳር ቆርቆሮ ውስጥ ከትቼ ዓመታት ሲያልፉ፣ ቆጠራውን አስታወስሁ፣ የራሴን ድምፅ ረሳሁ። ሰው የራሱን ድምፅ መርሳት ይችላል ወይ? እኔ ችያለሁ።

በቅጹ ቀን የሆነው ይህ ነው። ጸሐፊዋ በአስተርጓሚ፣ «ማንበብ ትችላለህ ወይስ እናንብብልህ?» አለችኝ። ከኋላዬ የሀገራችን ሰዎች ተሰልፈዋል፤ ለአምስት ዓመት ፊደል ቆጥሬያለሁ እያልሁ ያወራሁላቸው ሰዎች። «እችላለሁ» አልሁ። በአማርኛ የተዘጋጀውን ቅጽ ሰጠችኝ። ከፊቴ የነበረው ሰው ሦስቱ መስመሮች ላይ ሰረዝ ሲያደርግ አየሁ፤ እኔም ሦስቱ ላይ ሰረዝ አደረግሁ። እሱ እኅትም ወንድምም አልነበረውም። ምን እንደጻፍሁ አላውቅም ነበር፤ እሷን አለመጻፌን ግን አውቅ ነበር።

በ1995 አባባ ሲሞት ወረቀቱ ለሌላ ጉዳይ ሲነበብ ሰማሁ። «እኅት ወንድም የለውም» ይላል። ያኔ ሄጄ ማረም እችል ነበር። ለማረም ግን «ማንበብ አልችልም ነበር» ማለት ነበረብኝ። ከዚያ ወዲህ እናትህ በጠየቀችኝ ቁጥር «መሥሪያ ቤቱ ነው ያዘገየው» እያልሁ ኖርሁ። መሥሪያ ቤቱ እንኳ እንደኔ አልዘገየም።

ያንተ ደብዳቤ እንደደረሰኝ አውቶቡስ ይዤ ያቭኔ ሄድሁ። ፓኬጄን በሪናት ኮምፒዩተር ላይ ራሴ ጫንሁት፤ ሦስት ትእዛዝ ነው፣ በቃሌ ነው የማውቀው። አርባ አራቱንም ደቂቃ ከፈትሁት። የሪናት አማርኛ ከእናቷ ወጥ ቤት አልፎ አያውቅም፤ ግን ሠላሳ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ይህ የማን ድምፅ ነው?» አለች።

«የኔ።»

«ምን ይላል?»

«ይዋሻል» አልኋት።

«ይህን ከጻፍህ ያንተንም ፋይል ይከፍቱታል» አለች። «ይክፈቱት፤ ከፍተው ሰረዙን ይዩት» አልሁ። ቃሉን ሁሉ ራሴ ገለበጥሁ፣ አሥራ አንድ ገጽ። ከአባባ ድምፅ ይልቅ የኔን መጻፍ ከበደኝ፤ እሱ ከሁለት መስመር አይበልጥም።

በጠጅቱ እጅ ፍላሹን ልኬያለሁ። ሙሉ ነው፣ አልተቆረጠም። ማጫወቻውም በፓኬጅ አብሮ አለ፤ እንደገና ሠርቼዋለሁ፣ የሠሪው ስም ላይ ጓዴ ሰጠኝ ይላል። ይህን ደብዳቤ አንብብላት። ቀጥሎ ካሴቱን ክፈትላት። ሠላሳ ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ስትደርስ ንገራት፤ ማቆም ብትፈልግ ማቆሚያው በእጇ ነው።

ጓዴ


ጎንደር፣ ግንቦት 2 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለጋሼ ጓዴ፣

ደብዳቤውን አነበብሁላት። ከዚያ ካሴቱን ከፈትሁላት። አባባ ሲቆጥር እሷም ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አብራ ቆጠረች። ሠላሳ ሰባተኛው ላይ ነገርኋት። «ተወው ይሂድ» አለች። እስከ መጨረሻው ሰማች፤ የአባባን ስድስት ደቂቃ ደግሞ ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ።

በማግሥቱ «ጻፍለት» አለችኝ። ወረቀት ሳወጣ፣ «ተወው፤ እሱ ይጻፍልኝ» አለች። «ጽፎልሻል እኮ» ብላት፣ «ላንተ ነው የጻፈው። ይህ ሁሉ ደብዳቤ ሲመጣ አንዱ እንኳ በስሜ አልመጣም» አለች።

ይቅር ብላዎት እንደሆነ አላውቅም። አልጠየቅኋትም። ያለችው ይህን ብቻ ነው።

ሐብቴ


ቂርያት ማላኪ፣ ግንቦት 10 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለአመለወርቅ ሰጠኝ።

አመሌ፣ ዛሬ ቀልድ የለኝም። ፈልጌ አጣሁ።

ከአራት ቀን በኋላ ጉዳይሽ ይታያል። ምን እንደሚሉ አላውቅም፤ አውቃለሁ ብዬ ደግሞ አልዋሽሽም። እኔም ያቭኔ ሄጄ ከሪናት ጋር እገባለሁ፤ ከጠየቁኝ ሰው ሁሉ እየሰማ እነግራቸዋለሁ።

አዲስ የአማርኛ ቅጽ ሰጥተውኝ ነበር። ጸሐፊው፣ «እናንብብልህ?» አለኝ። «ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ ታገሠኝ» አልሁት። ታገሠኝ። የእኅትና የወንድም ስም የሚለውን ደርሼ ስምሽን ጻፍሁ። «ወ» ትንሽ ተንጋዳለች። ቅጂውን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ።

ሐብቴ በጣቱ ያሳይሽ። የመጀመሪያው መስመር ላይ ነው።

ወንድምሽ ጓዴ